ነቀዙንም የሚበላ አለ

ጅማ ውስጥ ነቀዝ የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም። በቆሎው ተፈልፍሎ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ አፉ ይታሰራል፣ ጥግ ይይዛል። ወራት ያልፋሉ። አንድ ቀን ከረጢቱ ሥር ነጭ ዱቄት ይታያል። እጅ ሲሰድዱበት እህሉ ይሞቃል፣ ሲዘግኑት ፍሬው ተበስቷል፣ ቡናማ ነገር ይርመሰመሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እህሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይበጠራል፣ «የነቀዝ መድኃኒት» ይገዛል፣ ቤቱም ቀናት ሙሉ ይሸታል።

ያንን ዱቄት የሚፈልገው ሌላም አለ። ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ጥቁር፣ ወገበ ቀጭን ተርብ አለች። ዱቄቱ የነቀዙ እጭ በልቶ ያሳለፈው ኩስና ፍርፋሪ ነው፤ እሷ ሽታውን ተከትላ ትመጣለች። እኛ «እህሉ አለቀ» የምንልበት ቦታ እሷ ልጆቿን የምታሳድግበት ቦታ ነው። ስለዚህች ተርብና ስለ ዘመዶቿ ማውራት ከጀመርኩ ቶሎ አላቆምም፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ነቀዙን እንወቀው። የበቆሎ ነቀዝ ጥንዚዛ ነው፣ ረዘም ያለ አፍንጫ ያለው። ሴቷ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ባለው አፏ ፍሬውን ትበሳለች፣ አንድ እንቁላል ትጥላለች፣ ከዚያ ቀዳዳውን ሙጫ በሚመስል ነገር ትደፍነዋለች። ከውጭ ምንም አይታይም። እጩ ነጭና ድቡልቡል ነው፣ እግር የለውም፣ እስኪጎለምስ ድረስ ከዚያች ፍሬ አይወጣም። ሙቀቱ ከተስማማው አምስት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ ከዚያ ፍሬውን ቦጭቆ ይወጣል። ገበያ ላይ ዘግናችሁ አይታችሁ፣ «ንጹህ ነው» ብላችሁ የገዛችሁት በቆሎ ቤት ገብቶ የሚነቅዘው ለዚህ ነው። ነቀዙ ብዙ ጊዜ ገና ማሳ ላይ ሳለ ውስጡ ገብቷል።

እንግዲህ ተርቧ የምትፈልገው ይህን የተደፈነ፣ ከውጭ ደህና የሚመስል ፍሬ ነው። ላዩ ላይ ትወጣለች። በአንቴናዋ ታንኳኳለች፣ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ትቆማለች፣ ደግማ ታንኳኳለች። ውስጡ እጭ እንዳለ ስታረጋግጥ ሆዷን ታጎብጥና ከፀጉር የቀጠነ መርፌ ታወጣለች። ይህ እንቁላል መጣያዋም መውጊያዋም ነው። በዚያ መርፌ የደረቀውን የበቆሎ ልጣጭ ቀስ እያለች ትቦረቡራለች። እጩ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ትወጋዋለች። መርዟ ወዲያው አይገድለውም፣ ያደነዝዘዋል። እጩ ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም፣ አይበላም፣ አያድግም፤ ግን ትኩስ ሆኖ ይቆያል፣ አይበሰብስም። ከዚያ አንድ እንቁላል ቆዳው ላይ ታሳርፍና መርፌዋን ትነቅላለች።

እንቁላሉ አንድ ቀን ገደማ ቆይቶ ይፈለፈላል። ትንሿ እጭ የደነዘዘውን ትልቅ እጭ ከላዩ ሆና እየመጠጠች ትጨርሰዋለች፣ ፑፓ ትሆናለች (ከእጭነት ወደ ጎልማሳነት መሻገሪያው ደረጃ ነው)፣ ክንፍ ታወጣለች። ሞቅ ባለ ቦታ ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የሚፈጀው፤ ነቀዙ ከሚፈልገው ጊዜ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ፍሬውን በስታ ትወጣለች። የእሷ መውጫ ትንሽና ክብ ነው። የነቀዙ መውጫ ሰፋ ያለ፣ ጠርዙም የተቦጫጨቀ ነው። ይህን ልዩነት አንዴ ዓይናችሁ ከለመደው የነቀዘ በቆሎ ስትዘግኑ ከየትኛው ፍሬ ማን እንደወጣ መለየት ትችላላችሁ።

የሳይንስ ስሟ አኒሶፕተሮማለስ ካላንድሬ ይባላል። ዓለም ላይ እህል በተከማቸበት ሁሉ ነቀዝን ተከትላ ተሰራጭታለች። ብቻዋንም አይደለችም፤ ቴዎኮላክስ ኤሌጋንስና ላሪዮፋገስ የሚባሉ የቅርብ ዘመዶች አሏት፣ ሥራቸው አንድ ነው። እነዚህ ሰው አይነድፉም። ምግባችን ውስጥም ምንም አይጨምሩም፣ እህል አይበሉም። የእህል ፍሬ ለእነሱ ግድግዳ ብቻ ነው።

እናቴ በቆሎ ስታበጥር አጠገቧ መቀመጥ እወዳለሁ። ሰፌዱ ላይ ነቀዙ እግሩን ሰብስቦ የሞተ ይመስላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል። በመሃሉ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚራመዱ፣ ሲነኳቸው ብድግ ብለው የሚበሩ ደቃቅ ጥቁር ነገሮች አሉ። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ተባይ ነው?» አለችኝ አንድ ጊዜ። «ተባይ አይደለም እማዬ፣ የነቀዙ ጠላት ነው» አልኳት። ሰፌዱን አስቀምጣ በደንብ አየቻቸው። «እና ይቺን ነው ከነነቀዙ እሳት ላይ ስጥል የኖርኩት?» አለች። እኔን ስለዚህ ነገር ጻፍ ጻፍ ያሰኘኝ ይህ ጥያቄዋ ነው። እናቴ ስለ እህል የማታውቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ይህን ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። የግብርና ባለሙያ መጥቶ ስለ ነቀዝ ሲያስተምር ስለ መድኃኒቱ ነው የሚያወራው።

አሁን እኔን በጣም ወደሚገርመኝ ነገር ልምጣ። ይቺ ተርብ የልጆቿን ጾታ ራሷ ትመርጣለች።

ከወንድ ጋር አንዴ ከተገናኘች በኋላ የወንዱን ዘር ሆዷ ውስጥ ባለች ደቃቅ ከረጢት ታስቀምጣለች። እንቁላል ስትጥል ከረጢቷን ከከፈተች እንቁላሉ ይዳብራል፣ ሴት ልጅ ይወጣዋል። ካልከፈተች ሳይዳብር ይፈለፈላል፣ ወንድ ይሆናል። ንብና ጉንዳንም እንዲሁ ናቸው። እንግዲህ ወንዱ ተርብ አባት የለውም ማለት ነው። በእናቱ በኩል ግን አያት አለው። ይህን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ወረቀት ላይ የዘር ሐረግ ሥዬ ካላረጋገጥኩ አላምንም ብዬ ነበር። እውነት ነው።

ምርጫዋ ደግሞ በዘፈቀደ አይደለም። ውስጥ ያለው የነቀዝ እጭ ትልቅ ከሆነ ሴት ትጥልበታለች፣ ትንሽ ከሆነ ወንድ። ሴት ልጅ በደንብ በልታ ካደገች ብዙ እንቁላል ትሸከማለች፤ ወንዱ ግን ትንሽ ሆኖም ሥራውን አያጣም። ስለዚህ ትልቁ ቀለብ ለሴቷ ይሆናል። ከዚህም የባሰ አለ። በ1981 (እ.ኤ.አ.) በላሪዮፋገስ ላይ የታተመ ሙከራ የሚያሳየው ተርቧ እጩን የምትመዝነው በዙሪያው ካሉት ጋር እያስተያየች መሆኑን ነው። መካከለኛ እጭ ከትንንሾች ጋር ተቀላቅሎ ሲቀርብላት ሴት ታሳርፍበታለች። ያው መካከለኛ እጭ ከትልልቆች ጋር ሲቀርብላት ወንድ ይደርሰዋል። ልብ በሉ፣ እጩን አታየውም። በልጣጭ ተሸፍኖ ጨለማ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ጭንቅላቷ ደግሞ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ነው። እንዲህ ያለ ሥራ እዚያች ውስጥ ይሠራል ብሎ ማሰብ ለእኔ አሁንም ከባድ ነው፣ ደጋግሜ ባነበውም አይለመደኝም።

ረሃብም አለባት። እንቁላል ለማፍራት ፕሮቲን ያስፈልጋታል፣ ፕሮቲኑ ያለው ደግሞ የተዘጋ ፍሬ ውስጥ ነው፣ አፏ አይደርስም። የዚህ ቤተሰብ ተርቦች መፍትሔ አግኝተዋል። መርፌያቸውን እጩ ላይ እንደሰደዱ በዙሪያው ፈሳሽ ያፈሳሉ፣ ፈሳሹ ይደርቅና ቀጭን ቱቦ ይሆናል፣ ከዚያ መርፌውን ነቅለው አፋቸውን ቱቦው ጫፍ ላይ ያደርጋሉ። በቱቦው የሚወጣውን የእጩን ፈሳሽ ይጠጣሉ። በዚህ መንገድ የተጠጣ እጭ ብዙ ጊዜ እንቁላል አይጣልበትም፣ ግን ይሞታል። አንዲት ተርብ የምትገድላቸው ነቀዞች ከምትወልዳቸው ልጆች የሚበልጡት ስለዚህ ነው።

እሺ፣ ወደ ቡናው እንሂድ። ጅማ ተቀምጦ ስለ ጥንዚዛ አውርቶ ቡናን መዝለል አይቻልም።

እዚህ አካባቢ «የቡና በሽታ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የቡና ፍሬ በሽታን ነው፣ ያ በ1971 (እ.ኤ.አ.) አገራችን መግባቱ የታወቀውና ፍሬውን በእሸቱ የሚያጠቁረው ፈንገስ። ያስፈራል፣ መፈራቱም ተገቢ ነው። ሌላው ዓለም ግን ቡና አምራቹን እንቅልፍ የሚነሳው ጥንዚዛ ነው፤ የቡና ፍሬ ቦርቧሪ። ሴቷ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፣ ጥቁር ናት። የቡናውን ፍሬ በእምብርቱ በኩል ትበሳና ትገባለች፣ ውስጡ ባለው የቡና ዘር ውስጥ ዋሻ ትሠራለች፣ በርከት ያለ እንቁላል ትጥላለች። እጮቹ ከውስጥ ይበሉታል። ብዙውን ጊዜ ለአንድ ወንድ አሥር ያህል ሴቶች ይወለዳሉ። ወንዱ መብረር አይችልም፣ ከተወለደባት ፍሬ ሳይወጣ ይሞታል። ሥራው እህቶቹን ማስረገዝ ብቻ ነው። እህቶቹ አርግዘው ይወጣሉ፣ እያንዳንዷ የራሷን ፍሬ ትፈልጋለች። ስለዚህ አንዲት ሴት ብቻዋን አዲስ ማሳ ላይ ደርሳ መንደር መመሥረት ትችላለች።

ሌላውን ነፍሳት የሚመርዘው ካፌይን እሷን አይነካትም። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ምክንያቱን አሳይቷል፦ አንጀቷ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ካፌይኑን ይሰባብሩላታል። ቡናው ራሱን ለመከላከል ያዘጋጀውን መርዝ በሌላ ፍጡር እርዳታ ተሻገረችው።

ለሳይንስ የተዋወቀችው በ1867 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ያውም ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከተጫነ ቡና ላይ ተገኝታ። በዱር በገደሉ የታየችው ዘግይቶ በ1901 ጋቦን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ከቡና ንግድ ጋር ተጓዘች። ብራዚል፣ ኮሎምቢያ በ1988፣ ሃዋይ በ2010። እኛ አገር መኖሯ የተመዘገበው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ከዚያም መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ተከታትለዋታል። የምትበዛው ቆላማው ቡና ላይ ነው፤ ደጋው ይበርዳታል።

ይህ ብርድ ለጅማ ትልቅ ጋሻ ነበር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጥንዚዛዋ ለማደግ ወደ 15 ዲግሪ የሚጠጋ ዝቅተኛ ሙቀት ትፈልጋለች፣ የሚስማማት ደግሞ ከ20 በላይ ነው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ጥናት የጅማን የአየር መረጃ ወስዶ አሰላ። ውጤቱ ከ1984 በፊት ጅማ ለዚህች ጥንዚዛ በጣም ቀዝቃዛ እንደነበረች፣ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ መጨረስ እንደማትችል፣ ከዚያ ወዲህ ግን ሙቀቱ ስለጨመረ በዓመት አንድና ሁለት ትውልድ መጨረስ እንደምትችል ያሳያል። ይህን ሳነብ የተሰማኝን በቀላሉ አልገልጸውም። ሽማግሌዎቻችን «ጅማ እንደ ድሮው አትቀዘቅዝም» ሲሉ ስንሰማ ነው ያደግነው። አባባሉ በጥንዚዛ ትውልድ ተቆጥሮ ቀረበልኝ።

እና የሷስ ጠላት? አለ። ሁሉም የአፍሪካ ልጆች ናቸው።

ፕሮሮፕስ ናሱታ የምትባለው ተርብ የተገኘችው ኡጋንዳ ነው፣ ስም የወጣላት በ1923 (እ.ኤ.አ.)። ሴፋሎኖሚያ ስቴፋኖደሪስ ከኮትዲቯር ናት፣ 1961። ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ከበቆሎዋ ተርብ በጣም ይለያል። ከውጭ ቆመው በመርፌ አይቦረቡሩም። ጥንዚዛዋ በበሳችው ቀዳዳ ራሳቸው ሰተት ብለው ይገባሉ። እንዲህ እንዲመቻቸው ሰውነታቸው ጠፍጠፍ፣ ረዘም ያለ ነው።

ተርቧ ከገባች በኋላ ያለው ታሪክ ሙሉ ቤት የመውረስ ታሪክ ነው። የቤቱን ባለቤት፣ እናት ጥንዚዛዋን ትገድላለች። ፕሮሮፕስ የሟቿን ሬሳ ገፍታ መግቢያው ላይ ትወትፈዋለች፣ በሩ ይዘጋል። ከዚያ እንቁላሎቹንና ትንንሾቹን እጮች ራሷ ትበላለች። ትልልቆቹን እጮችና ፑፓዎቹን አትበላም፤ እየወጋች ታደነዝዛቸውና በእያንዳንዳቸው ላይ አንዳንድ እንቁላል ታሳርፋለች። ልጆቿ ከላይ ሆነው በልተው ሲያድጉ ነጭ የሐር ክር ይፈትሉና ራሳቸውን ይጠቀልላሉ። እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ከልጆቿ ጋር ትቆያለች። ፍሬውን በቢላ ስትሰነጥቁት ጥቁር ጥንዚዛ የጠበቃችሁበት ዋሻ ውስጥ ነጫጭ የሐር ጥቅሎች ተደርድረው ካያችሁ ቤቱ ተወርሷል ማለት ነው።

የቤተሰብ አወቃቀራቸውንም ተመልከቱ። ከፍሬው የሚወጡት ተርቦች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ወንዶቹ ጥቂት፣ ጋብቻውም እዚያው በወንድምና በእህት መካከል። ከጥንዚዛዋ ጋር አንድ ነው! ዊሊያም ሃሚልተን የተባለው እንግሊዛዊ ባዮሎጂስት በ1967 (እ.ኤ.አ.) ምክንያቱን በሒሳብ አስረድቷል። በተዘጋ ቦታ ውስጥ ወንድሞች የሚሻሙት የገዛ እህቶቻቸውን ከሆነ ለእናቲቱ ብዙ ወንድ መውለድ ኪሳራ ነው፤ ሁሉንም እህቶች ለማስረገዝ የሚበቃ አንድና ሁለት ወንድ ካለ የቀረው ሁሉ ሴት ቢሆን ነው የሚያዋጣት። ጥንዚዛና ተርብ ዝምድናቸው እጅግ ሩቅ ነው። ሁለቱም ግን አንዲት የቡና ፍሬ ውስጥ መኖር ሲጀምሩ እዚያው መልስ ላይ ደረሱ። ስለ ተፈጥሮ ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ያረካኝ ጥቂት ነው።

ሦስተኛዋ ፊማስቲከስ ኮፌያ ነች፣ ቶጎ ውስጥ የተገኘች፣ ስም ያገኘችው በ1990 (እ.ኤ.አ.)። ቁመቷ ከአንድ የጤፍ ፍሬ አይበልጥም። እሷ እጭ አትፈልግም። ጎልማሳዋን ጥንዚዛ ገና ፍሬውን እየበሳች ሳለ ታገኛትና ሰውነቷ ውስጥ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፣ አንድ ሴት አንድ ወንድ። ሴቷ በጥንዚዛዋ ሆድ ውስጥ ታድጋለች፣ ወንዱ ደረቷ ውስጥ። ፊማስቲከስ ከተፈለፈለች በኋላ የምትኖረው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ አታጠፋም። ጉዳት ሳይደርስ ስለምትቀድም ብዙ ተመራማሪዎች ተስፋ ያደረጉት በእሷ ላይ ነው፤ እኔም ከሦስቱ ለገበሬ የምትሻለው እሷ ናት ባይ ነኝ።

ብራዚል በ1929 (እ.ኤ.አ.) ፕሮሮፕስን ከኡጋንዳ አስመጥታ ማሳ ላይ ለቀቀች። በኋላ ሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮችም እነዚህን ተርቦች ከአፍሪካ ወሰዱ። ኮሎምቢያ በፋብሪካ ደረጃ እያራባች በብዛት በትናቸዋለች። ተርቦቹ እዚያ ለመዱ፣ ዛሬም አሉ። ጥንዚዛዋ ግን አልጠፋችም። ለምን ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ቀላል ነው። አንዲት ተርብ የምትወርሰው አንድ ፍሬ ገደማ ነው። ተርብ ለማራባት ደግሞ መጀመሪያ ጥንዚዛ ማራባት ያስፈልጋል፣ ጥንዚዛ ለማራባት ደግሞ ራሱ ቡናው ያስፈልጋል። ወጪው ከፍተኛ ነው።

ከወጪው በላይ ግን አንድ መሠረታዊ ነገር አለ፣ ይህንንም ብዙ ሰው ሲስተው አያለሁ። ጥገኛ ተርብ ነቀዝን ጨርሳ አታጠፋም። ነቀዙ ካለቀ እሷም ታልቃለች። ነቀዙ ሲበዛ ትበዛለች፣ ሲቀንስ ትቀንሳለች፣ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ኋላ ናት። ጥቅሟ ነቀዙ ከልክ እንዳያልፍ መያዟ ነው። «ተርብ ልቀቁና ከተባይ ተገላገሉ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት።

መድኃኒቱ ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚሁ ይመነጫል። ከእህል ጋር የሚደባለቀውን ዱቄት መድኃኒት አስቡት። መድኃኒቱ ያለው በፍሬው ላይ ነው። የነቀዙ እጭ በፍሬው ውስጥ ተደፍኖ ተቀምጧል፣ አይነካውም። ተርቧ ግን ሥራዋ ሁሉ ከላይ መሄድ ነው፣ ከፍሬ ወደ ፍሬ እየተረማመደች። መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ናት። ከዚያ እጮቹ ጎልምሰው ሲወጡ፣ መድኃኒቱ ኃይሉ ከቀነሰ የሚጠብቃቸው ጠላት የለም። ቡና ላይም እንዲሁ ነው። ለዚህች ጥንዚዛ ለብዙ ዓመታት ይረጭ የነበረው ኢንዶሰልፋን የሚባለው መርዝ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኒው ካሌዶንያ ውስጥ ጥንዚዛዋ ተቋቁማው ተገኘች። በ2011 መርዙ ራሱ በስቶክሆልም ስምምነት በዓለም ደረጃ እንዲወገድ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች ጋር ገባ። መርዙ ሄደ፣ ጥንዚዛዋ አለች።

ጋዝ የሚያወጣው እንክብል፣ ፎስፊኑ፣ ደግሞ ፍሬው ውስጥ ድረስ ገብቶ ሁሉንም ይገድላል፣ ነቀዝም ተርብም። ሰውም ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ እህል ላይ እንክብል ጨምሮ ማደር እዚህ አገር ዛሬም የሚደረግ ነገር ነውና ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፦ አታድርጉት። አሜሪካ በ1992 (እ.ኤ.አ.) በእህል ማከማቻ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጠቃሚ ነፍሳትን መልቀቅ ፈቅዳለች። እኛ ጋ ተርቦቹ ማንም ሳይለቃቸው ራሳቸው ይመጣሉ።

ይህን ስል ግን በቆሎአችሁን ለተርብ ትታችሁ ተቀመጡ ማለቴ አይደለም። ተርቧ የምትደርሰው ነቀዙ ከገባ በኋላ ነው፤ ለቤት ቀለብ ያ ዘግይቷል። ለከረጢት በቆሎ እኔ የማምነው በደንብ ማድረቅንና አየር የማያስገባውን ባለ ድርብ ላስቲክ ከረጢት ነው። ነቀዙ ውስጡ ያለውን አየር ይጨርስና ራሱ ታፍኖ ይሞታል፣ መርዝ የለ፣ ሽታ የለ። ለእናቴም ያንን ነው የገዛሁላት። ተርቧ የምትጠቅመው ክፍት ጎተራ ላለው፣ በቆሎውን ከነራሱ ለሚያከማች ሰው ነው። እዚያ መድኃኒት ከመነስነስ በፊት ሰፌዱን በደንብ ማየት ያስፈልጋል።

ቡናው ላይ ያለው ጥያቄ ይከብዳል። ከለቀማ በኋላ ዛፉ ላይና መሬት ላይ የሚቀረው ደረቅ ፍሬ የጥንዚዛዋ መሸሸጊያ ነው፤ በአንድ ፍሬ ውስጥ ብዙ ደርዘን ሆነው ዝናቡን ይጠብቃሉ። እርጥበት ሲመጣ ወጥተው አዲሱን ፍሬ ይይዛሉ። ስለዚህ የቀረውን ሁሉ መልቀም ከሁሉ የሚሻል መከላከያ ነው፣ በየትኛውም አገር ያለ ባለሙያ ይህን ይነግራችኋል። ግን ተርቦቹም ያሉት እዚያው ፍሬ ውስጥ ነው። ልቅም አድርገን ስንለቅም እነሱንም አብረን እናስወጣለን። ማና አካባቢ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ይህን ስነግራቸው ብዙ ካሰቡ በኋላ «እንግዲህ ልጄ፣ የኔን ማሳ እለቅማለሁ፣ ጫካውን እተወዋለሁ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። እኛ ሌላው ዓለም የሌለው ነገር አለን፦ ዋንዛውና ብርብራው ጥላ የሆኑለት ቡና፣ ጌራና በለጤ ላይ ደግሞ ራሱ የበቀለ የጫካ ቡና። ማንም መድኃኒት የማይረጭበት፣ ማንም ጨርሶ የማይለቅመው። የጥንዚዛና የተርብ ጉዳይ ሰው ሳይገባበት የሚኖረው እዚያ ነው፣ ጫካው እንዲኖር የምፈልግበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

የዘንድሮው ለቀማ ካለቀ በኋላ ቡና ያላችሁ ይህን ሞክሩ። ከዛፍም ከመሬትም የቀሩትን የተበሱ ፍሬዎች ሰብስቡ። ጥቂቶቹን ሰንጥቃችሁ እዩ፤ ነጭ የሐር ጥቅል ካለ ጥሩ ምልክት ነው። የቀሩትን በጠርሙስ ጨምሩና አፉን በስስ ጨርቅ እሰሩት፤ ጥንዚዛዋ እንዳታመልጥ ጨርቁ ድርብ ይሁን። ጥላ ቦታ አስቀምጡት፣ አልፎ አልፎ ጨርቁን በትንሹ አርጥቡ፣ ጥቂት ሳምንታት ታገሱ። ድቡልቡል ሆና ዝግ ብላ የምትሄደው ጥንዚዛዋ ናት። ቀጠን ብላ፣ አንቴናዋን እያወዛወዘች የምትሯሯጠው ተርቧ ናት። ከተርቦቹ ወገን ሰው የሚነድፉ ዘመዶች ስላሉ በባዶ እጅ አትያዟት። ከተገኘች ጥቂቶቹን በአልኮል አድርጋችሁ ወደ መልኮ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅ ውሰዷቸው። ጠርሙሱ ውስጥ ቀበሌውንና ፍሬው የተለቀመበትን ቀን በእርሳስ የጻፋችሁበት ወረቀት ጨምሩ፤ እስክሪብቶ አልኮሉ ያጠፋዋል።